ሦስተኛው ስኒ እስኪቀዳ

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ዝም ትላለች። ሱቆች ይዘጋሉ። በርጫ የሚቀመጠው ይቀመጣል፣ የሚተኛው ይተኛል። ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር ባጃጆች ተደርድረው ይቆማሉ፤ የሾፌሮቹ እግር ብቻ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። እኔ በዚህ ሰዓት አነባለሁ። በረንዳው ላይ ውሃ እረጫለሁ፣ ሽቲዬን እለብሳለሁ፣ ወለሉ ላይ ጋደም እላለሁ። ባለፈው ወር አንድ ልብ ወለድ በዚህ ሰዓት ጀምሬ በአራት ቀን ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ አያቴ ከሐሳቤ አልወጣ አለች።

የመጽሐፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሐሙስ የግድያ ክበብ» ይሆናል። ደራሲው ሪቻርድ ኦስማን እንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን የሚታወቅ ሰው ነው። ይህ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሲሆን የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ታሪኩ ኬንት ውስጥ በሚገኝ የጡረተኞች መንደር ይካሄዳል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አራት ሰዎች በየሐሙሱ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰባሉ። ፖሊስ ሳይፈታቸው የተዋቸውን የድሮ የግድያ መዝገቦች እያገላበጡ ይከራከራሉ። ኤልዛቤት የስለላ ሰው ነበረች። ጆይስ ነርስ ነበረች፤ የምታየውን ሁሉ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ኢብራሂም የአእምሮ ሐኪም ነበር። ሮን የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበር። እንዲህ እንዳሉ እውነተኛ ግድያ ደጃፋቸው ድረስ ይመጣል። ገዳዩን አልናገርም።

እንዲህ ያለውን ልብ ወለድ ፈረንጆቹ «ኮዚ» ይሉታል። ሞቅ ያለ፣ ምቾት ያለው እንደማለት ነው። ሰው ይሞታል፤ ግን ደሙን አናይም። መርማሪው ደመወዝ የሚከፈለው ፖሊስ አይደለም። ቦታው ሁሉም የሚተዋወቅበት ትንሽ ሰፈር ነው። ከሽማግሌና ከአሮጊት መርማሪዎች ደግሞ ብዙ ሰው የሚያውቃት ሚስ ማርፕል ናት። አጋታ ክሪስቲ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1927 በአጭር ልብ ወለድ፣ ከዚያ በ1930 በረጅም ልብ ወለድ አመጣቻት። በጠቅላላው 12 ረጃጅም ልብ ወለዶች ጻፈችላት። ክሪስቲ እንደተናገረችው ማርፕልን ስትፈጥር በልቧ የነበሩት የአያቷ ጓደኞች፣ እነዚያ አሮጊቶች ናቸው። ማርፕል ሽጉጥ የላትም። ሹራብ ትሠራለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ ሰው ታያለች። አንድ ሰው ስታይ የሰፈሯን ሌላ ሰው ያስታውሳታል። «ይሄ ልጅ የሥጋ ሻጩን ልጅ ይመስላል» ዓይነት ነገር። ከዚያ ትይዘዋለች።

እኛ በአማርኛ ያደግንበት ሌላ ነው። ቤታችን ውስጥ ማሞ ውድነህ የተረጎማቸው የስለላ መጻሕፍት ነበሩ፤ ሽፋናቸው እስኪገነጠል ተነበዋል። እወዳቸው ነበር፣ አሁንም እወዳቸዋለሁ። ግን በልጅነት ጭንቅላቴ ምስጢር የሚፈታ ሰው ማለት ድንበር የሚያቋርጥ፣ ስሙን የሚቀይር፣ ጎልማሳ ወንድ ነበር። ጓዳ ተቀምጣ ቡና የምትቆላ ሴት ትሆናለች ብዬ አስቤ አላውቅም። አጠገቧ ተቀምጬ እያየሁ እንኳ።

በ1986 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ስድስት ቤት አንድ ግቢ የሚጋራበት ቦታ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ከዛፉ ሥር ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች አይጠፉም። አንዷ አያቴ ናት። ሁለተኛው ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጠዋት ሲያገኙን በፈረንሳይኛ ሰላም ስለሚሉን እኛ ልጆቹ «ሙሴ» እንላቸዋለን። ሦስተኛዋ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ መርፌ ወግተዋል። ስማቸው «እትዬ መርፌ» ነው፤ እሳቸውም በዚሁ ይጠሩ ነበር።

ግቢው ውስጥ አንዲት ባለሱቅ ነበረች። አንድ ረቡዕ የአንገት ሐብሏ ጠፋ። ከእናቷ የወረሰችው ወርቅ ነው። ከሳጥኗ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ፣ ግቢው በተኛበት ሰዓት። ጩኸቱ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሌባዋ ታወቀች ተባለ። ማን ትሆናለች? የቤት ሠራተኛዋ። ከገጠር ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ አሥራ አራት ወይ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ሁሉም በአንድ አፍ እሷ ናት አለ። እናቴም ጭምር። ቤቱን የምትጠርገው እሷ፣ ሳጥኑ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ። ልብሷን አራገፉት። ምንም አልተገኘም። «ለሌላ አቀብላ ነው» ተባለ። ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ልትወሰድ ነው።

አያቴ አልጮኸችም። ማታ ላይ ሻይና ዳቦ ይዛ ወጣች። ልጅቷ ፌስታሏን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። አያቴ አጠገቧ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ ቆየች። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ። እያጽናናቻት ነው ብዬ ነበር።

በማግሥቱ አያቴ ባለሱቋን «እስከ እሁድ ታገሺኝ፣ ልጅቷ እኔ ቤት ትደር» አለቻት። አያቴን እምቢ ማለት ከባድ ነው። የእድሩ እናት ነበረች። ከዚያ ዛፉ ሥር ሄደችና ሙሴን ጠየቀች። «ረቡዕ ከሰዓት ከጅቡቲ የገባው ባቡር ምን ጭኖ ነበር?» ይህን ብቻ። ወርቁን ማን ወሰደው አላለችም። ሙሴ ሳያስቡ መለሱ። «እቃ ነው። ሰው የጫነ ባቡር ረቡዕ አልገባም።» እሳቸው ጣቢያ መሄድ አያስፈልጋቸውም። የእቃ ባቡርና የሰው ባቡር አመጣጡ በጆሮ ይለያል ይሉ ነበር፤ የእቃው ከባድ ነው፣ መሬቱን ቀስ አድርጎ ያንቀጠቅጠዋል። እኔም ከዚያ በኋላ መለየት ተምሬ ነበር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ። የባለሱቋ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ወርቁ በጠፋበት ሰዓት «አጎቴን ልቀበል ለገሃር ነበርኩ፤ አልመጣም መሰል» ብሎ ለሁሉም ተናግሯል። ማንም አልጠየቀውም። እሱ ራሱ ነው ደጋግሞ የተናገረው። እትዬ መርፌ ደግሞ ከሳምንት በፊት የልጁን ቅንድብ ሰፍተዋል። ወደቅሁ ብሏቸዋል። የወደቀ ሰው ቁስልና የተመታ ሰው ቁስል እሳቸው ያውቃሉ። የበሽተኛ ምስጢር ግን አያወጡም። ለአያቴ የነገሯት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጁ ጨንቆታል፤ ዕዳ ሳይኖርበት አይቀርም።»

እሁድ አያቴ ቡና አፈላች። ባለሱቋን ጠራች፣ ልጇንም ጠራች። ሙሴና እትዬ መርፌም አሉ። ፈንድሻ ቀረበ። አቦል ተጠጣ። ቶና ተጠጣ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ውሃው መጥፋት ተወራ። በረካው ሲቀዳ አያቴ ወደ ሙሴ ዞረችና ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ጠየቀቻቸው። ሙሴ ያንኑ መለሱ። ሌላ ነገር አልተባለም። ልጁ ስኒውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቱ ቀና ብላ አየችው። ብዙ ቆይቶ «ወርቅ ቤት ነው ያለው፣ መጋላ» አለ። ቁማር ነበር ነገሩ።

አያቴ ባለሱቋን እንድታለቅስ ትንሽ ተወቻት። ከዚያ «አሁን ተነሺ። ልጅቷ ጓዳ ናት» አለቻት። ባለሱቋ ተነሥታ ገባች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ወርቁ በማግሥቱ ተመለሰ፣ አያቴ ከእቁቧ ላይ ጨምራበት። ልጅቷ አዲስ ሽቲ ተገዛላት። ግን ባለሱቋ ቤት አልተመለሰችም። እኛ ቤት ቆየች፣ ማታ ማታ ትምህርት ገባች።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። እንደ ጥሩ ተረት። መጽሐፉን እያነበብኩ ሳለ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። በመርማሪ ልብ ወለድ ውስጥ ሕግ አለ። ሮናልድ ኖክስ የሚባል የካቶሊክ ቄስ፣ ራሱም የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ደራሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 አሥር ሕጎች ጽፎ ነበር። ወንጀለኛው ከመጀመሪያው ጀምሮ በታሪኩ ውስጥ የሚታይ ሰው መሆን አለበት። ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል አይግባበት። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው አይደብቅ። አያቴ ልጁን ብቻ ለይታ እንዴት ጠረጠረች? ግቢው ውስጥ ስድስት ቤት ሙሉ ሰው ነበር። እሷ ግን ሌላ ማንንም ሳትጠይቅ ቀጥታ ወደ ባቡሩ ሄደች። ብልህ ስለነበረች ነው እያልኩ አልፌው ኖሬያለሁ። ብልህ ነበረች። ግን ያ መልስ አይደለም።

ወደዚህ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ኖክስ ሁለተኛ ሕግ አንድ ነገር ልበል። እሱን ሳነብ ሌባሻይ ትዝ አለኝ።

የጥንቱ ሰው የጠፋ ነገር የሚፈልግበት ሁለት መንገድ እንደነበረው ከሽማግሌዎች ሰምተናል፣ መጻሕፍትም ጽፈውታል። አንዱ አፈርሳታ ነው፤ አውጫጭኝም ይባላል። የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ አይበተንም። ካልታወቀ የጠፋውን ነዋሪው በጋራ ይከፍላል። ሌላው ሌባሻይ ነው። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል። ወገቡን በገመድ አስረው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ማስረጃ የለም። ምስክር የለም። ልጁ ወድቋል፣ አለቀ።

አፈርሳታ ብዙ ችግር አለበት፤ ሰው ሥራ ፈትቶ ቀናት ይቀመጣል፣ በቂም የሚወነጅልም አይጠፋም። ቢያንስ ግን ሁሉም እኩል ይቀመጣል፣ ሁሉም ይናገራል። ሌባሻይ ቀርቷል እንላለን። እኔ ግን በዚያ ረቡዕ ግቢያችን ውስጥ አይቸዋለሁ። ጣታችን ተንገዳግዶ ሄዶ የወደቀው አቅም በሌላት ልጅ ላይ ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ። እናቴ ደግ ሴት ናት፣ እሷም ነበረችበት። አያቴ ያደረገችው ሌባሻዩን ወደ አፈርሳታ መመለስ ነው። ተቀመጡ፣ ቡና ጠጡ፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ ማንም አይነሣም።

ሐሜትስ አልነበረባቸውም ወይ የሚል ይኖራል። ሦስቱም ዛፍ ሥር ውለው የሰው ነገር ያወራሉ፣ እንዴት አያወሩም። በሐሜትና በምርመራ መካከል ያለው ልዩነት ግን ለአያቴ ግልጽ ነበር። እኔ ከውጭ ወሬ ይዤላት ስሮጥ «ያየሽውን ለብቻ ንገሪኝ፣ የሰማሽውን ለብቻ» ትለኝ ነበር። ሁለቱን ቀላቅዬ ከጀመርኩ አታዳምጠኝም። አሁን ሳስበው ይህ ማንም መርማሪ የሚሠራበት ነገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ጆይስን የወደድኳትም ለዚህ ነው። ደብተሯ ላይ ስለ ኬክ ትጽፋለች፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ትጽፋለች፣ ስለ ሬሳ ትጽፋለች። ሁሉንም በአንድ ዓይን። ሞኝ ትመስላለች፣ ሰው አጠገቧ ሲያወራ አይጠነቀቅም።

መጽሐፉ ላይ የማልወደውም አለ። አራቱም ጥሩ ኑሮ ያላቸው ናቸው፤ የጤናና የገንዘብ ጭንቀታቸው ቀላል ሆኖ ያልፋል። ፖሊሶቹ ቶሎ ይሸነፉላቸዋል። የጡረተኞች መንደር የሚለውም መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። ሽማግሌ ከልጅ ልጁ ተለይቶ? እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም አልኩ። ከዚያ ቀና ብዬ ግቢያችንን አየሁት። ስድስቱ ቤት ዛሬም አለ። በአራቱ ውስጥ የሚኖሩት አሮጊቶች ናቸው፣ ብቻቸውን። ልጆቻቸው ጅቡቲ ናቸው፣ አረብ አገር ናቸው፣ አዲስ አበባ ናቸው። ገንዘብ ይልካሉ። እኛ ጋ መንደሩ ስም የለውም እንጂ አለ። የእንግሊዞቹ ግን ሐሙስ አላቸው። ያ ነው ያስቀናኝ። ሳምንት ጠብቀው የሚገናኙበት፣ «አንተ ምን ትላለህ» የሚባባሉበት ቀን። ከኤልዛቤት ጋር የሚኖረው ባሏ የማስታወስ ችሎታው እየከዳው ነው። ያም ሆኖ ቼዝ ሲጫወት ብርቱ ነው። እሱ ያለበትን ገጽ ሁሉ ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ሰው ከሚረሳው ይልቅ የሚያስታውሰውን የሚጠይቀው አለ ማለት ነው።

ድሬ የአሮጊቶቿን ትዝታ አንድ ጊዜ ክፉኛ ፈልጋለች። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ሲነጋ ቤቶቹ የሉም። እነማን እንደጎደሉ ለማወቅ ማን የት ይተኛ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ ሰፈር ያንን የሚያውቁት አያቴና ጓደኞቿ ነበሩ። «እዚህ ጋ እናትና ሁለት ልጅ። እዚያ ጋ የቀን ሠራተኛ፣ ማታ የሚመጣ ወንድሙም አለ።» አያቴ ቆማ ስትቆጥር እጇን ይዤ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሰው የሚጠይቁ አሮጊቶችን ነገር ፈላጊ የሚል ሰው አልወድም።

አያቴ ካረፈች ቆየች። ሙሴም አርፈዋል። የሚያዳምጡት የድሮው ባቡርም እንደ ድሮው አይደለም፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ነው፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ይላል። እትዬ መርፌ ግን አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። መጽሐፉን የጨረስኩ ዕለት ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። ሄጄ የማላውቅ አይደለሁም፣ በዓል ሲሆን እሄዳለሁ። ነገር ልጠይቅ ብዬ ግን ሄጄ አላውቅም ነበር።

ከሰል አቀጣጠልኩ። ቡናውን እኔ ቆላሁ፤ እሳቸው ከሽታው ለይተው «ይበቃዋል፣ አውጪው» አሉኝ። አቦሉን ከቀዳሁ በኋላ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያኔ የባለሱቋ ወርቅ የጠፋ ጊዜ፣ አያቴ ልጁን እንዴት ጠረጠረችው?»

«አልጠረጠረችውም» አሉ።

«እንዴት?»

«ልጅቷ አይታው ነበራ። ጫማውን በእጁ ይዞ ሳጥኑ ካለበት ክፍል ሲወጣ። ያን ማታ ለአያትሽ ነገረቻት።»

ዝም አልኩ። ሻይና ዳቦው። ደጃፉ። ፍንጩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊቴ ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ስናገረው ኖሬያለሁ።

«ታዲያ ለምን ወዲያው አልተናገረችም? ልጅቷ?»

«አቦ ተይኝ ልጄ። ማን ጠየቃት? ‹አምጪ› ነው ያሏት እንጂ ‹ምን አየሽ› ያላት አለ? አንድ አያትሽ ናት የጠየቀቻት። ብትናገርስ፣ የእሷን ቃል ከባለሱቋ ልጅ ቃል ላይ ማን ያስቀምጠው ነበር? አያትሽም ይህን አውቃ ነው። ‹የልጅቷን ስም አናነሣም፣ ሌላ ምስክር እንፈልግ› አለችን። ሙሴ ባቡሩን አመጡ። እኔም ያችን አመጣሁ። እንግዲህ ሥራው ይኸው ነው።»

«እና ልጅቷ ናት የፈታችው።»

«እሷ ናታ» አሉ እትዬ መርፌ። ስኒያቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «ቶናውን ቅጂው። ደግሞ በረካው ሳይጠጣ እንዳትነሺ፤ ያቺ ልጅ ዛሬ ሐረር የራሷ ቤት አላት፣ ስልኳን እሰጥሻለሁ። ደውለሽ ከራሷ ስሚው።»